ዊንዶውስ 10 ካበቃለት ወዲህ፦ ለጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ሊኑክስ ያዋጣል ወይ?

የቱሉ ዲምቱዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። አራት ዴስክቶፕ ነው ያለኝ። ሦስቱ ኮር አይ 5 ሦስተኛ ትውልድ ናቸው፣ ራማቸው 4 ጊጋ። አንዱ ሻል ይላል፣ 8 ጊጋ ነው። ሁሉም ላይ ያለው ዊንዶውስ 10 ነው።

ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ወደ 11 ላሳድግ ስል ኮምፒውተሩ መስፈርቱን አያሟላም ይለኛል። አንድ ባለሙያ አስጠርቼ ነበር። «እነዚህን ሽጫቸውና አዲስ ግዢ፤ ካልሆነ መስፈርቱን አስዘልዬ በክራክ 11 እጭንልሻለሁ» አለኝ። ሁለቱም አልተዋጠልኝም። የሱቅ ኪራይ ከፍዬ በሚተርፈኝ ብር አራት ኮምፒውተር መግዛት የሚታሰብ አይደለም። በክራክ የተጫነ ነገር ላይ ደግሞ የሰው ውልና መታወቂያ ማስቀመጥ ይከብደኛል። ሰው አምኖኝ ነው የሚሰጠኝ።

ሥራዬን ልንገራችሁ። ጠዋት ሱቅ ስከፍት ጀምሮ «በቴሌግራም ልኬልሻለሁ፣ ፕሪንት አድርጊልኝ» ነው። ፋይዳ መታወቂያ፣ ሲቪ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ማመልከቻ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የተማሪ አሳይመንት። ብዙውን አማርኛ እኔና አብራኝ የምትሠራው ልጅ ነን የምንጽፈው። እጃችን የለመደው ፓወር ግዕዝ ነው። ብዙ ፋይሎቼ በኒያላ ፎንት ናቸው፤ በጣም የቆዩት ደግሞ ዩኒኮድ ከሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የፍላሽ ቫይረስ ነው። በቀደም አንዲት የኮሌጅ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ይዛ መጣች። ፍላሹን ስሰካው አንድ ሾርትከት ብቻ ነው ያለው። «በቃ ጠፋ» ብላ እንባዋ መጣ። እኔም የማደርገው ጠፋኝ። እንዲህ ዓይነት ነገር በየጊዜው ያጋጥመኛል።

በዊንዶውስ ፋንታ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ ልጫን ወይ? ብጭን አማርኛውን በምን እጽፋለሁ? ፕሪንተሮቼ ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ 1102 እና ካኖን ኤልቢፒ 6030 ናቸው፣ ይሠራሉ? ማታ ማታ ደግሞ ለሁለት ሱቆች ሒሳብ በፒችትሪ እይዛለሁ። እሱስ እንዴት ይሆናል? በነፃ የሚሰጥ ነገር ደህንነቱ ይታመናል ወይ የሚለውም አእምሮዬ ውስጥ አለ። የምታውቁ በደንብ አስረዱኝ፤ ጊዜ ወስጄ አነባለሁ።

—

ገላን ጥገና

እህቴ፣ ማሽኖችሽን እንዳትሸጪ። እኔ ገላን ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ይህን ጥያቄ ይዞ የማይመጣ ደንበኛ የለኝም ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ይህን እወቂ። ዊንዶውስ 11 ማሽኖችሽን የከለከለው አቅም አንሷቸው አይደለም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። በራም በኩል ዝቅተኛው መስፈርት 4 ጊጋ ነው፣ እሱን ታሟያለሽ። የአንቺ ሦስተኛ ትውልድ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። አስዘልሎ መጫን ይቻላል፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ነገር ግን መስፈርቱን ለማያሟላ ማሽን ማሻሻያ እንደሚደርሰው ማይክሮሶፍት ዋስትና አይሰጥም። ማሻሻያ ፍለጋ ብለሽ ገብተሽ ማሻሻያ የማይደርስሽ ከሆነ ልፋቱ ለምን?

እኔ የምመክርሽ ሊኑክስ ሚንትን ነው፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ ዓይነት። የሚንት 22 ተከታታይ ኡቡንቱ በሚባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት፣ በ24.04 ስሪቱ ላይ የተሠራ ሲሆን ድጋፉ እስከ 2029 በፈረንጆች ይቀጥላል። 2 ጊጋ ራም ላይ ይነሣል፣ 4 ጊጋ ላይ ለጽሕፈት ሥራ ይበቃል። ከታች የሜኑ ቁልፍ አለው፤ መስኮቱም አዘጋጉም ከለመድሽው ብዙ አይርቅም።

«ኡቡንቱ 25.10 ወጥቷል፣ እሱን ጫኚ» የሚልሽ ይኖራል። እኔም ዜናውን በጉጉት ነው የተከታተልኩት። በውስጡ ያሉ አንዳንድ መሠረታዊ መሣሪያዎች ረስት በሚባለው ቋንቋ እንደገና በተጻፉ ተተክተዋል፤ መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያሳየው የድሮው ኤክስ 11ም ኖም ከሚባለው ዴስክቶፕ ላይ ቀርቶ በአዲሱ ዌይላንድ ብቻ ሆኗል። ትልቅ እርምጃ ነው። ግን የድጋፍ ዕድሜው ዘጠኝ ወር ብቻ ነው። ሱቅ ላይ የሚያስፈልገው ዓመታት ሳይነካካ የሚቆይ ነው።

ሀርድ ዲስክሽ የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ወደ ኤስኤስዲ ቀይሪው። ያለሽን ትንሽ ገንዘብ እዚያ ላይ አውይ። የሚንትም የዊንዶውስም ፍጥነት ጉዳይ ብዙው እዚያ ነው ያለው።

አሁን ወደ አማርኛው። ብዙ ሰው ሊኑክስ ጭኖ የሚመለሰው እዚህ ጋ ስለሚሰናከል ጊዜ ልስጠው። መጻፍና ፎንት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ለመጻፍ፦ ከሶፍትዌር ማናጀሩ አይባስ ኤም 17 ኤን የሚለውን ጫኚ። ከዚያ አይባስ ማስተካከያ ውስጥ አማርኛን ስትመርጪ ሴራ የሚባል አጻጻፍ ታገኛለሽ። በድምፅ ነው የሚጻፈው። ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ስትመቺ ሰላም ይሆናል። ትልቁ ቲ ጥ ይሰጥሻል፣ ትልቁ ኤስ ጽ፣ ትልቁ ኤን ኝ፣ ትልቁ ሲ ጭ፣ ትልቁ ኤች ሕ። እጅሽ ፓወር ግዕዝ ስለለመደ መጀመሪያ ላይ አንዳንድ ፊደል ያደናቅፍሻል። ካልተስማማሽ ኪይማን የሚባል አለ፣ እሱም ክፍት ምንጭ ነው፤ ማለትም ኮዱን ማንም ማየት ይችላል። በውስጡ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ያዘጋጀው የአማርኛ ኪቦርድ አለ። ያው ኪይማን በዊንዶውስም በአንድሮይድ ስልክም ስለሚሠራ ረዳትሽ ስልኳ ላይ ልትለማመድበት ትችላለች። ሁለቱንም ሞክሪ፤ እጅሽ ይምረጥ።

ለፎንት፦ ኒያላ የማይክሮሶፍት ነው፣ ከሊኑክስ ጋር አይመጣም። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ኢትዮፒክ ግን በነፃ ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው፣ ጫኚያቸው። በኒያላ የተጻፈ ፋይል ሊብሬኦፊስ (በማይክሮሶፍት ኦፊስ ፋንታ የሚሠራው ነፃ ፕሮግራም) ላይ ስትከፍቺ አማርኛው ይነበባል። ችግሩ የፊደሉ ስፋትና የመስመሩ ቁመት ስለሚለያይ ገጹ ይገፋል። በላቲን በኩል ይህ ተፈትቷል፤ ካርሊቶ የሚባለው ፎንት የካሊብሪን ስፋት ልክ በልክ ይዟል፣ ሊቤሬሽን ሴሪፍ የታይምስ ኒው ሮማንን። ለኒያላ ግን እንዲህ ልክ በልክ የሚተካ ፎንት አላገኘሁም። ስለዚህ ዊንዶውሱን ከማጥፋትሽ በፊት፣ የማይቀየሩ የቆዩ ሰነዶችሽን ሁሉ እዚያው ወደ ፒዲኤፍ ለውጪ። በየቀኑ የምትሞያቸውን ቅጾች ብቻ፣ ማለትም ውሉን፣ ማመልከቻውን፣ አቤቱታውን፣ በአቢሲኒካ እንደገና አሰናጅተሽ ቴምፕሌት አድርጊያቸው።

ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት ፋይሎችሽ ሌላ ጉዳይ ናቸው። በዚያን ጊዜ ፎንቶቹ የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በፈረንጆች ነው። ፎንቱ ከሌለ ፋይሉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል። የፎንቱን ፋይል ከያዝሽ ሊኑክስ ላይም ሁለት ጊዜ ነክተሽ መጫን ነው፣ ይታያል። ግን እነሱንም አሁኑኑ ፒዲኤፍ አድርጊያቸው።

ስለ ፍላሹ፦ ያቺ ተማሪ ጽሑፏ አልጠፋም ነበር። የሾርትከት ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ፋይል አያጠፋም። ፋይሎቹን ሰብስቦ ይደብቃቸውና ሲነካ ራሱን የሚያስነሣ ሾርትከት ያስቀምጣል። ሊኑክስ የዊንዶውስን «ደብቅ» የሚል ምልክት አይቶ ፋይል አይደብቅም፣ ሾርትከቱንም አያስነሣም። ፍላሹን ስትሰኪው ስም የሌለው የሚመስል ፎልደር ታያለሽ። ክፈቺው፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ለአንቺ ዓይነት ሱቅ ይህ አንዱ ብቻ ሊኑክስን ለመጫን በቂ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ፕሪንተር፦ ኤችፒው ኤችፒሊፕ በሚባለው የሊኑክስ ድራይቨር ይሠራል፤ ይህኛው ሞዴል ተጨማሪ ፕለጊን ስለሚያወርድ መጀመሪያ ሲጫን ኢንተርኔት ይፈልጋል። ለካኖኑ ኩባንያው ራሱ የሊኑክስ ድራይቨር አውጥቷል፣ ዩኤፍአር ሁለት በሚለው ስም ፈልጊው።

ስለ ፒችትሪ ሒሳብ የሚያውቁ ቢመልሱ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። አይኤስኦውን፣ ማለትም የመጫኛ ፋይሉን፣ የምታወርጂው ከሚንት ድረ ገጽ ብቻ ይሁን። ወደ ሦስት ጊጋ ይጠጋል፣ የሌሊት ጥቅል ገዝተሽ አውርጂው። ካወረድሽ በኋላ ሻ 256 የሚባለውን የፋይሉን መለያ ቁጥር ሚንት ካወጣው ጋር አመሳክሪ። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በየካቲት 2016 በፈረንጆች የሚንት ድረ ገጽ ተሰብሮ፣ የኋላ በር (ክፉ ሰው ሰርጎ የሚገባበት ድብቅ መንገድ) ያለው አይኤስኦ ለአጭር ጊዜ ሲወርድ ነበር። ቡድኑ ወዲያው በይፋ ተናገረ፣ አስተካከለም። ቁጥሩን ከትክክለኛው ጋር ያመሳከረ ሰው ግን ከመጫኑ በፊት ማወቅ ይችል ነበር።

—

ሒሳብ በቃሊቲ

በፒችትሪ ጉዳይ እኔ ልመልስ፤ እንጀራዬ ነው።

ፒችትሪ ዛሬ ስሙ ሴጅ 50 ነው። የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ ነው። ከሥር ፐርቬሲቭ የሚባል ዳታቤዝ ስላለው የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚያስነሣው በዋይን ላስነሣው ብትዪ ዋስትና የለውም፤ የሰው ሒሳብ ይዘሽ ደግሞ በዕድል አይሠራም። ግኑካሽ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ለራስሽ ሱቅ ጥሩ ነው። ደንበኞችሽ ግን ዓመት ሲደርስ ኦዲተሩ የሚጠይቃቸው የፒችትሪ ፋይል ነው። ስለዚህ 8 ጊጋው ማሽን ዊንዶውስ ሆኖ ይቆይ።

ወንድሜን ገላን ጥገናን ግን አንድ ነገር ልጠይቀው። ኮዱ ለማንም ክፍት ከሆነ ክፉ ሰውም ገብቶ የፈለገውን ይጨምርበታል ማለት አይደለም ወይ? ከሁለት ዓመት በፊት ገደማ እንዲህ ያለ ነገር ተወርቶ ነበር። እህታችን የሰው መታወቂያ ነው የምትይዘው፤ «ነፃ ነው» ተብሎ ብቻ መገባት የለበትም።

—

ገላን ጥገና

ጥያቄህ ተገቢ ነው። የምትለው የኤክስዜድ ጉዳይ ይመስለኛል፤ በደንብ ልተርከው።

ኤክስዜድ ፋይል የሚጨምቅ ትንሽ ፕሮግራም ነው፣ በየሊኑክሱ አለ። ለዓመታት በአንድ ፈቃደኛ ሰው ትከሻ ላይ ነበር የኖረው። ጂያ ታን በሚል ስም የቀረበ ሰው ቀስ በቀስ ሥራ እያገዘ፣ እምነት እያተረፈ ቆየና አብሮ ጠባቂ ሆነ። ከዚያ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ስሪቶች ውስጥ የኋላ በር አስገባ። ዒላማው ሰርቨሮች ከሩቅ የሚገቡበት ኤስኤስኤች ነበር።

የያዘው አንድሬስ ፍሮይንድ ነው። የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ሠሪ ነው፣ ተቀጥሮ የሚሠራውም ማይክሮሶፍት ውስጥ። ለሌላ ጉዳይ ፍጥነት ሲለካ የኤስኤስኤች መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ አስተዋለ። ግማሽ ሰከንድ! ዝም ብሎ አላለፈውም። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ገብቶ መረመረ፣ እስከ ምንጩ ድረስ ተከተለው፣ መጋቢት 29 ቀን 2024 በፈረንጆች ለዓለም አሳወቀ። ነገሩ የደረሰው ገና በሙከራ ላይ የነበሩ ስሪቶች ዘንድ ነበር። ሰው በብዛት የሚጠቀምባቸው የተረጋጉት የኡቡንቱና የዴቢያን (ይህም ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ነው) ስሪቶች አልተነኩም።

ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። ክፍት ኮድ ላይም ክፉ ሰው ይመጣል፣ እውነት ነው። የተያዘውም ግን ማንም ገብቶ ማየት ስለሚችል ነው። እህታችን ገና የወጣውን ሳይሆን የቆየውን ስሪት ትጫን የምለውም ለዚሁ ነው።

«ነፃ ስለሆነ የልጅ ነገር ነው» የሚል ሐሳብ ካለም እህታችን በየቀኑ የምታትመውን እንይ። የፋይዳ መታወቂያ ሥርዓት የተገነባው ሞሲፕ በሚባል ክፍት ምንጭ መድረክ ላይ ነው፣ ሕንድ ባንጋሎር ባለ የቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረ። ጤና ሚኒስቴር ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፣ እሱም ክፍት። ጀርመን ውስጥ ሽሌስቪግ ሆልሽታይን የሚባለው ክልል 30 ሺህ ያህል የመንግሥት ኮምፒውተሮችን ከማይክሮሶፍት ኦፊስ ወደ ሊብሬኦፊስ እንደሚያዞር በ2024 በፈረንጆች አስታውቆ ሥራውን ገፍቶበታል። እነዚህ ሰዎች የዜጋ መረጃ ነው የያዙት።

ለእህቴ ደግሞ፣ የሰው መታወቂያ የሚያሳስብሽ ከሆነ ሚንት ላይ የእንግዳ መግቢያ የሚባል አለ። በሎጊን ማስተካከያው ውስጥ ፍቀጂለት። ደንበኛ ራሱ ቁጭ ብሎ ቴሌግራም ሲከፍት በእንግዳ ይግባ። ሲወጣ ያወረደው ፋይልም የከፈተው አካውንትም ከማሽኑ ላይ ይጠፋል። አሁን በየኔት ቤቱ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ የስንቱ ሰው መታወቂያ ተከማችቶ እንደሚገኝ ሳይ ያመኛል።

—

የሰበታ መምህር

ሰላም። ሰበታ አንድ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ነኝ። ከጠያቂዋ ማሽን የባሱ ያሏችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡ።

የእኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ በእርዳታ የመጡ፣ ገሚሶቹ 32 ቢት ብቻ የሆኑ፣ ማለትም የድሮ ዓይነት ፕሮሰሰር ያላቸው ኮምፒውተሮች አሉ። በእነዚህ ላይ በሩ እየጠበበ ነው። ዴቢያን 13 ነሐሴ 9 ቀን 2025 በፈረንጆች ሲወጣ ለ32 ቢት ፒሲ መጫኛ ይዞ አልመጣም። ፋየርፎክስም ለ32 ቢት ሊኑክስ የመጨረሻው ስሪቱ 144 ነው። የተራዘመ ድጋፍ ያለው ፋየርፎክስ 140 ቢያንስ እስከ መስከረም 2026 በፈረንጆች የደህንነት ማሻሻያ እንደሚያገኝ ሞዚላ ተናግሯል። እኔ ዴቢያን 12ን ጭኜ፣ ኢንተርኔት ቆርጬባቸው፣ ለታይፒንግና ለፓይተን ማስተማሪያ ብቻ አድርጌያቸዋለሁ። ልጆቹ ኮድ መጻፍ የሚማሩት በእነሱ ነው። ማሽን ተቆልፎ ስቶር ውስጥ ከሚቀመጥ ይህ ይሻላል። የጠያቂዋ ሦስተኛ ትውልድ አይ 5 ግን 64 ቢት ነው፣ ይህ ስጋት አያገኛትም።

ለእርስዎ የሚጠቅም ሌላ ነገር ልንገርዎ። ከአንድ በላይ ማሽን ካለ አፕት ካሸር ኤንጂ የሚባለውን አንዱ ላይ ይጫኑ። አንዱ ያወረደውን ማሻሻያ ሌሎቹ በሱቁ ኔትወርክ ከእሱ ላይ ይወስዳሉ፣ ከኢንተርኔት ደግመው አያወርዱም። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። የእኛን ቤተ ሙከራ በአንድ ሲም ካርድ ዳታ ነው የማሻሽለው።

መብራቱንም ያስቡበት። ማሻሻያ በመጫን ላይ እያለ መብራት ከሄደ ሥራው በግማሽ ይቀራል። ዩፒኤስ ያለው ማሽን ላይ ይጀምሩ። ሚንት ላይ ታይምሺፍት የሚባል አለ፤ ሥርዓቱን ወደ ትናንት ይመልሳል። ከማሻሻል በፊት አንድ ቅጂ ያስይዙት። የእርስዎን ዶክመንቶች ግን አይዝም፣ እነሱን ለብቻ ወደ ሌላ ዲስክ ይቅዱ።

—

የቱሉ ዲምቱዋ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ ተዘርዝሮ ይመለስልኛል ብዬ አልጠበቅኩም።

ሌሊት አውርጄ ቁጥሩን አመሳክሬ ከፍላሽ ላይ አስነሣሁት። ሳይጫን መሞከር እንደሚቻል አላውቅም ነበር። ሀርድ ዲስኩን ሳይነካ ሙሉ ዴስክቶፕ መጣ። ኤችፒው ፕለጊኑን አውርዶ አተመ።

ከዚያ ብዙ ሰው የሚያሠራኝን የፍርድ ቤት አቤቱታ ቅጽ ከፈትኩት፣ በኒያላ የተጻፈውን። ገላን ጥገና ያልከው በትክክል ሆነ። ዊንዶውስ ላይ አንድ ገጽ የነበረው ወደ ሁለት ሄዷል። «ከላይ የተጻፈው እውነት ለመሆኑ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ» የሚለውና የፊርማው ቦታ ብቻቸውን ሁለተኛ ገጽ ላይ ወድቀዋል። እንዲህ ታትሞ ሰው መዝገብ ቤት ይዞት ቢሄድ አስተካክለህ ና ብለው ይመልሱታል። በአጭሩ የአንድ ሰው ሙሉ ቀን ነው የሚቃጠለው። ፎንቱን ወደ አቢሲኒካ ለወጥኩ፣ አሁንም አልበቃውም። በመጨረሻ የአንቀጹን የመስመር ክፍተት «ቋሚ» አድርጌ ቁጥሩን ዝቅ ሳደርገው ፊርማው ተመልሶ አንደኛው ገጽ ላይ ገባ። ጽሑፉም አልተጨናነቀም፣ እንዲያውም ከድሮው ይልቅ ያምራል። ቴምፕሌት አድርጌ አስቀምጬዋለሁ።

ፍላሹንም ሞከርኩት። ከደንበኛ የመጣ፣ ሾርትከት ብቻ የሚታይበት ፍላሽ ነበረኝ። ስሙ ባዶ የሆነ ፎልደር አገኘሁ፤ ስከፍተው ሁሉም ፋይል ተሰልፎ ቁጭ ብሏል። ያቺን የኮሌጅ ተማሪ በቴሌግራም ጻፍኩላት። ፍላሹን አልጣለችውም ነበር፣ አመጣችው። ጽሑፏ ሙሉውን አለ። ለእኔ ነገሩ እዚያ ላይ ተወሰነ።

አጻጻፉን በሚመለከት እኔ ሴራው ተስማማኝ። ረዳቴ ግን ኪይማንን መረጠች፣ ስልኳ ላይ ስለጫነችው። ሁለቱን አንድ ማሽን ላይ ማድረግ ይቻላል? ካኖኑን ደግሞ ገና አልሞከርኩትም፤ ድራይቨሩን ሳወርድ ብዙ ፎልደር ያለው የታመቀ ፋይል ነው የመጣው፣ የትኛውን እንደምነካ አላወቅኩም። ዊንዶውስ ሆኖ የሚቀረውንስ ማሽን ምን ላድርገው?

—

ገላን ጥገና

የልጅቷ ጽሑፍ መገኘቱ በጣም ደስ ብሎኛል።

ሁለቱ ኪቦርዶች አብረው ይኖራሉ። ኪይማንም ሊኑክስ ላይ በአይባስ በኩል ስለሚሠራ ሁለቱም አንድ ዝርዝር ውስጥ ይሰለፋሉ። ከታች ያለውን የቋንቋ ምልክት ነክቶ መቀያየር ነው። ለሁለታችሁ የተለያየ ተጠቃሚ ብትከፍቺ ደግሞ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ይዛችሁ ትከፍታላችሁ፤ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ካኖኑን ለመጫን የታመቀውን ፍቺና ውስጡ 64 ቢት የሚለውን ፎልደር ክፈቺ። እዚያ ውስጥ ለዴቢያን የሚለውን፣ መጨረሻው ዴብ የሆነውን ፋይል ሁለት ጊዜ ንኪው። አርፒኤም የሚለውን ተዪው፣ እሱ ፌዶራ ለሚባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ነው። ከተጫነ በኋላ ፕሪንተሩን ነቅለሽ ሰክተሽ ከፕሪንተር ማስተካከያው ላይ ጨምሪው።

ዊንዶውስ ሆኖ የሚቀረውን 8 ጊጋ ማሽን ማይክሮሶፍት ባዘጋጀው የአንድ ዓመት ማራዘሚያ አስመዝግቢው። እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 የደህንነት ማሻሻያ ይሰጣል። መመዝገቢያው ራሱ ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ይመጣል። ፒችትሪ ብቻ ይሁንበት። የደንበኛ ፍላሽ በፍጹም አይሰካበት፤ ፍላሽ ሁሉ መጀመሪያ ሚንት ላይ ይከፈት። የሒሳቡን ባክአፕ በየማታው ወደ ውጭ ዲስክ ቅጂ።

ሦስቱን በአንድ ቀን አትጫኚ። አንዱን ጫኚና ሥራ የሚበዛበት የወር መጀመሪያ ይለፍበት። ያን ጊዜ ምን እንደጎደለ ታውቂያለሽ፤ ሁለቱን ከዚያ ትቀጥያለሽ።

—

ሒሳብ በቃሊቲ

ስለ ኤክስዜድ ያስረዳኸኝ ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ። እህቴ፣ ፒችትሪውን ወደ ሌላ ዲስክ ከማዛወርሽ በፊት ባክአፑን በራሱ በፒችትሪ ሜኑ በኩል ውሰጂ፤ ፎልደሩን ኮፒ ማድረግ ብቻ አይበቃም። ከዚያ ሌላ ማሽን ላይ ሪስቶር አድርገሽ መከፈቱን አረጋግጪ።

—

የቱሉ ዲምቱዋ (ጠያቂ)

ካኖኑ አተመ። የዴብ ፋይሉ ነበር።

የመጀመሪያውን ማሽን እሑድ ከሰዓት፣ ሱቅ ስዘጋ እጭናለሁ። እስከዚያው የቆዩትን ፋይሎች ወደ ፒዲኤፍ እየለወጥን ነው። የሰበታው መምህር፣ ያንን አፕት ካሸር ስጭን ከተቸገርኩ እዚሁ እጽፍልዎታለሁ። የአቤቱታውንና የኪራይ ውሉን ቴምፕሌት በአቢሲኒካ አሰናድቼ ስጨርስ እዚህ አስቀምጠዋለሁ፣ ጽሕፈት ቤት ያላችሁ ውሰዱት።